የሁለታችን ሸክላ

ሃምቡርግ
ጥቅምት 19 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለምወድህ ወንድሜ ለወንድሙ መኳንንት
ኮልፌ

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። ጋሼ መኳንንት፣ እትዬ የሺእመቤት፣ ዘመነች፣ ሁላችሁም እንዴት ከረማችሁ? የቀራንዮው መድኃኔዓለም ከክፉ ነገር ሁሉ ይጠብቅልኝ። እኔ ከብርዱ በቀር የጎደለብኝ ነገር የለም፤ እሱንም ቀስ በቀስ እየለመድኩት ነው።

የሬዲዮ ጥገና ትምህርቱ ተጀምሯል። በክፍላችን አሥራ አራት ነን፤ ሦስቱ ቱርኮች፣ አንዱ ጋናዊ፣ የቀሩት የአገሩ ልጆች ናቸው። ቋንቋው አስቸግሮኛል። ግሱ አንዳንዴ እንደ እኛው መጨረሻ ላይ መምጣቱ ብቻ ነው ደስ ያሰኘኝ።

ትናንት ከትምህርት ስመለስ አንድ ሱቅ ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቶ የምንወደው ባንድ፣ ኮልድ ሃርበሮች፣ ሲዘፍኑ ሰማሁ። የኛው ሸክላ፣ የመጀመሪያው ገጽ፣ የመጀመሪያው ዘፈን። ባለሱቁ ወጥቶ "ምን ፈለግህ?" እስኪለኝ ድረስ በሩ ላይ ተገትሬ ቀረሁ።

ያቺ ቅዳሜ ትዝ ትልሃለች? ዘጠኝ ወር ሙሉ ያጠራቀምነውን በመሐረብ ቋጥረን ከኮልፌ እስከ ፒያሳ በእግራችን የሄድንባት። አውቶቡስ ከያዝን ይጎድለናል ብለህ አስጨነቅከኝ። አርመኑ ሰውዬ ሸክላውን ከሽፋኑ አውጥቶ በጠርዙ ይዞ ብርሃን ላይ ሲያገላብጠው፣ አንተ እንዳትነካው ፈርተህ እጆችህን ወደኋላ አጣምረህ ነበር።

"ማጫወቻ አላችሁ?" አለን።

"የለንም" አልከው።

"ታዲያ በምን ልትሰሙት ነው?"

"እሱን በኋላ እናስብበታለን።"

ሰውዬው ሳቀና አንድ ፓኬት መርፌ መረቀልን። ለማጫወቻው የሚሆን መርፌ፣ ማጫወቻ ለሌለን ልጆች! ስንመለስ ዝናብ ያዘን። ኮትህን አውልቀህ ሸክላውን ጠቀለልክበት፤ አንተ በሸሚዝህ ራስክ። ጋሽ ቀጄላ ልብስ ስፌት ቤት ስንገባ ውሃ እያንጠባጠብን ነበር። "ማንን ነው ቀድሜ የማደርቀው? እናንተን ወይስ እሱን?" አለን፤ ከዚያ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ያቺን ከግሪኩ የገዛትን ማጫወቻ ከፈተልን። የዚያን ቀን አምስት ጊዜ ነው የሰማነው። ሱሪ ሊያሳጥሩ የመጡት ሰውዬ ሳይቀሩ አብረውን ቆመው ሰሙ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሸክላ ሰምቻለሁ። እንደዚያኛው ልቤ ውስጥ የገባ ግን የለም።

ሌላም የምጽፍልህ ነገር ነበረኝ፤ ወረቀቱ አለቀብኝ። ቤተሰቡን በሙሉ ሳምልኝ። መልስህን እጠብቃለሁ።

ወንድምህ በየነ


ኮልፌ
ታኅሣሥ 14 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለተወደድከው ወንድም ጋሼ በየነ

አምላክ ሰላምህን ያብዛልህ። ከቤት ከወጣህ ጀምሮ እማማ ስምህን ሳትጠራ ያደረችበት ቀን የለም። አባባ ደህና ነው፤ እንጨት ሥራው ጥሩ እየሄደለት ነው፤ "በርታ በይው" ብሎሃል። እኔም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ገብቼ ከመጽሐፍ ጋር እየታገልኩ ነው።

ደብዳቤህ ለወንድሙ የመጣ ቢሆንም መልሱን የምጽፍልህ እኔ ነኝ። ደብዳቤህን አንብቦ መልሶ ፖስታው ውስጥ ከተተውና ወጣ። "ለምን አትጽፍለትም?" ብለው "ምን ብዬ?" አለኝ። ስለዚህ የሆነውን ሁሉ ልንገርህ።

አንተ በሄድክ በሁለተኛው ቅዳሜ ወንድሙ እንደ ወትሮው ጊታሩን ይዞ ጋሽ ቀጄላ ቤት ሄደ። ሸክላችሁ እዚያው መደርደሪያ ላይ እንደሚቀመጥ ታውቃለህ። ሰው ሞልቶ ነበር፤ በዓል የቀረበ ይመስል። ሸክላውን ከሽፋኑ አውጥቶ ስሙን እንኳን ሳያይ ማጫወቻው ላይ ጣለው። ምን ቢወጣ ጥሩ ነው? አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ "እንደምን አደርክ፣ ስምህ ማን ነው?" ማለት ጀመረች። ያ ጋሽ ቀጄላ ከማጫወቻው ጋር ያገኘው የቋንቋ ማስተማሪያ ሸክላ ነው። ሰዉ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ወንድሙም መጀመሪያ ሳቀ። በኋላ መደርደሪያውን በሙሉ አገላብጦ የናንተን ሸክላ ሲያጣው ፊቱ ተለዋወጠ።

"የት አደረግኸው?" አለው ጋሽ ቀጄላን። በአንተ ነው የጠራው፤ እንደ እኩያው።

"ምኑን?"

"ሸጠኸዋል! ሸጠህ የራስህን ነው የከተትክበት!"

ጋሽ ቀጄላ በእጁ የያዘውን የጨርቅ ማስመሪያ ኖራ አስቀመጠ፣ የማጫወቻዋን ክዳን ዘጋ፣ ገመዷን ጠቀለለና ጓዳ አስገባት። "ከዛሬ ጀምሮ ይህ ቤት ልብስ ይሰፋበታል እንጂ ሸክላ አይሰማበትም" አለ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲያገኘን አባባን ብቻ ነው ሰላም የሚለው። ሰፈሩም ሁለት ቦታ ተከፍሏል። እነዚያ "ቀጄላ እንዲህ አያደርግም" ይላሉ፤ እነዚህ ደግሞ "ታዲያ ሸክላው በራሱ እግር ሄደ?" ይላሉ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከመሄድህ በፊት በነበረው ሐሙስ ጋሽ ቀጄላ የሰፋልህን ኮት ልትወስድ እዚያ ገብተህ ነበር። ያኔ ሸክላው በቦታው እንደነበር አይተሃል? ሸክላው እዚሁ ይቅር፣ አንተ በምትሄድበት አገር እንደ ጎመን ተዘርግቶ ነው የሚሸጠው እያለ ወንድሙ ሲያከራክርህ ሰምቻለሁ። ስለዚህ ልብ ብለህ አይተኸው ይሆናል ብዬ ነው።

ወረቀቴ አለቀ ብለህ ነበር፤ ደብዳቤህ ግን ግማሽ ገጽ ባዶ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ሙላው።

እህትህ ዘመነች


ሃምቡርግ
ጥር 28 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለእህቴ ለዘመነች

እንዴት ነሽ? ፈተናው እንዴት ነው? ለእነሱ ዘመን መለወጫ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ስለነበር ደብዳቤሽ የደረሰኝ ዘግይቶ ነው። እዚህ በረዶው ከጉልበት በላይ ሆኗል። ወንዙ ሳይቀር ረግቶ ሰዎች ይሄዱበታል፤ ለእትዬ የሺ ንገሪያት፣ አታምንሽም።

ስለ ሸክላው የጠየቅሽኝን አሰብኩበት። የዚያን ቀን ጥድፊያ ላይ ነበርኩ። ኮቴን ይዤ ወጣሁ እንጂ መደርደሪያውን ልብ ብዬ አላየሁትም። ጋሽ ቀጄላ ግን እንደዚያ ያደርጋል ብዬ አላምንም፤ ያ ቤት ሰው የሚገባበት የሚወጣበት ነው፤ አንዱ ደንበኛ አንስቶት ይሆናል። ወንድሙን ተወው በይው። ባንዱ አዲስ ሸክላ ሊያወጣ ነው ይላሉ፤ እንደወጣ ገዝቼ እልክለታለሁ። በአንድ ሸክላ የተነሳ ሰው ከጎረቤቱ አይጣላም።

ደግሞ እሱ ራሱ ይጻፍልኝ። አንድ መስመር ብትሆንም።

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይጠብቅልኝ።

በየነ


ኮልፌ
ግንቦት 9 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለወንድም ጋሼ በየነ

የፈጣሪ ቸርነት ካንተ አይለይ። ዝም በማለቴ አትቀየመኝ፤ ፋታ አጥቼ ነው። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። አባባም እማማም ደህና ናቸው። ወንድሙም ደህና ነው።

ከጋሽ ቀጄላ ጋር ታርቀናል። ስለዚያ ነገር አታስብ። አዲሱን ሸክላ ግን ለጊዜው አትላከው፤ ወንድሙ ጊታሩን ትቶታል።

አንድ ነገር እንድትጠይቅልኝ ፈልጌ ነው። ለጎረቤት ልጅ ነው። ጆሮ ላይ የሚደረግ መስሚያ መሣሪያ እናንተ አገር አለ ይላሉ። እንዴት እንደሚሠራና ጨርሶ ለማይሰማ ሰው ይረዳ እንደሆነ አጣርተህ ቶሎ ጻፍልኝ። አደራ፣ ቶሎ።

ዘመነች


ሃምቡርግ
ሰኔ 12 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለእህቴ ለዘመነች

ሰላምታዬ ባለሽበት ይድረስሽ። ደብዳቤሽ በደረሰኝ ማግስት መሣሪያውን የሚሸጡበት ቤት ሄድኩ። ሰውየው ደግ ነው፤ ታግሶ አስረዳኝ። መጀመሪያ ጆሮው በሐኪም መታየት አለበት። ትንሽም ቢሆን የሚሰማ ከሆነ መሣሪያው ድምፁን ያጎላለታል። የውስጥ ነርቩ ከሞተ ግን ጌጥ ነው፣ ምንም አይሠራም አለኝ። የማን ልጅ ነው? ዕድሜውንና ምን ሆኖ እንደዚያ እንደሆነ ብትጽፊልኝ ተመልሼ እጠይቀዋለሁ።

አሁን የምጽፍልሽን ተቀምጠሽ አንብቢው።

ሸክላውን የወሰድኩት እኔ ነኝ።

ያን ሐሙስ ኮቴን ልወስድ ስገባ ጋሽ ቀጄላ ብቻውን ነበር። ኮቱን አስለካኝ፤ እጅጌው ትንሽ ተሸብሽቦ አየና "እንዲህ ሆኖማ ባሕር አያቋርጥም" ብሎ የካውያውን ከሰል ሊያራግብ ወደ ጓሮ ወጣ። ኮቱን በነጻ ነው የሰፋልኝ። እኔ ደግሞ እሱ ከሰል እስኪያራግብልኝ ሸክላውን ከሽፋኑ አውጥቼ በጋዜጣ ጠቀለልኩ። ሽፋኑ ባዶ እንዳይሆን አጠገቡ ያገኘሁትን የእንግሊዝኛ ማስተማሪያ ከተትኩበት። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ከሁሉ የማፍረው በዚህ ነው። ከዚያ ኮቱን ለበስኩ፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ መረቀኝ፣ ወጣሁ።

ለምን እንደወሰድኩት ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄአለሁ። ወንድሙ ጊታር አለው፣ ቤት አለው፣ አባትና እናት ያለው ነው። እኔ የኔ የምለው አንድ ነገር ይዤ ልሂድ አልኩ። እዚህ በየሱቁ ሞልቷል፤ አዲስ መግዛት እችል ነበር። እኔ ግን የፈለግኩት ያንኑ ነው። ያን በኮት የተጠቀለለውን።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ከመጣሁ ወዲህ ከሦስት ጊዜ በላይ አልሰማሁትም። ለብቻዬ ስሰማው ሌላ ሸክላ ይመስለኛል። ጥር ላይ የጻፍኩልሽ ሁሉ ውሸት ነው። ጋሽ ቀጄላ በኔ ምክንያት ሌባ መባሉን እያወቅኩ ነው "አንዱ ደንበኛ አንስቶት ይሆናል" ያልኩሽ።

ሸክላውን ትናንት በፖስታ ልኬዋለሁ። በሁለት ጣውላ መሃል አድርጌ አሽጌዋለሁ፤ አይሰበርም። ለወንድሙ አንቺ ንገሪልኝ። እኔ አልቻልኩም። አፉን ሞልቶ ይስደበኝ፤ ብቻ ይጻፍልኝ።

በየነ


ኮልፌ
ነሐሴ 4 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለአቶ በየነ

ሰላም ላንተ ይሁን። ከዚህ በላይ መግቢያ አልመጣልኝም።

የጎረቤት ልጅ የለም። ወንድሙ ነው።

የካቲት መጨረሻ ላይ አንድ ጠዋት ራሴን አለ። ማርፈጃው ላይ አንገቱ እንደ እንጨት ደርቆ፣ ገላው እንደ እሳት እየነደደ፣ የማያውቃቸውን ሰዎች ይጣራ ጀመር። አባባ ሥራ ሄዷል። እማማ ደጅ ወጥታ ስትጮህ የመጀመሪያው የደረሰው ማን ይመስልሃል? ጋሽ ቀጄላ ነው። ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ መጣ። ወንድሙን በጀርባው አዝሎ ያን ሁሉ ጭቃ አቋርጦ አስፋልት ድረስ ወሰደው፤ ትንሽዬ ሲቼንቶ ታክሲ አስቁሞ፣ የወንድሙ እግር አልገባ ሲል በሩን በእጁ እንደያዘ፣ ሆስፒታል አደረሰው። አምስት ወር ሙሉ ሰላም ያላለውን ልጅ።

ማጅራት ገትር ነው አሉ። አሥራ ሰባት ቀን ተኛ። ነፍሱን ሲያውቅ ዙሪያውን የቆምነውን አየንና "ምን ሆናችሁ ነው የምታንሾካሹኩት?" አለን፤ እየጮኸ። እኛ አልተንሾካሾክንም ነበር። እማማ ያኔ ነው የገባት።

ሐኪሙ ሁለቱንም ጆሮውን አየው። እኔ ግን ተስፋ አልቆርጥም ብዬ ላንተ ጻፍኩ። አንተም "የውስጥ ነርቩ ከሞተ ጌጥ ነው" ብለህ መለስክልኝ። ሐኪሙ ያለውም ያንኑ ቃል ነው። ሰው አገር ላለ ሰው ክፉ ወሬ አይጻፍም፣ ትምህርቱን ያስተወዋል ብሎ አባባ ስለከለከለኝ ነው የዋሸሁህ። እኔ እንድትማር ብዬ ዋሸሁ። አንተ ለምን እንደዋሸህ ደግሞ ጻፍክልኝ።

አንድ ነገር እንድታውቅ እፈልጋለሁ። ከመስከረም እስከ የካቲት ወንድሙ ጆሮ ነበረው። በየቅዳሜው ጊታሩን ታቅፎ ደጅ ይቀመጥ ነበር፤ ያን ሸክላ ቢያገኝ ኖሮ እያለ። አምስት ወር። እሱን በፖስታ መላክ አይቻልም።

"አባትና እናት ያለው" ብለህ የጻፍካትን መስመር ቀድጄ ጥያታለሁ፤ እማማ እንዳታያት። ዘጠኝ ዓመትህ ላይ እናትህ፣ አክስቴ፣ ስትሞት እማማ አንተንና ወንድሙን በአንድ ብርድ ልብስ ነው ያሳደገቻችሁ። "የበኩር ልጄ" ብላ ነው ለሰው የምታስተዋውቅህ። አንተ ግን ለራስህ ምን ትል እንደነበር አሁን አወቅኩ።

ሸክላው ደርሷል። ከፖስታ ቤት ተቀብዬ አልጋዬ ሥር ደብቄዋለሁ። ለወንድሙ አልነገርኩትም፤ አልነግረውምም። ራስህ ጻፍለት። ለጋሽ ቀጄላም ጻፍ። ሌባ የተባለው በሰው ፊት ነው፤ ያን እያሰብክ ጻፍ።

ዘመነች መኳንንት


ሃምቡርግ
መስከረም 6 ቀን 1965 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለጋሽ ቀጄላ
ኮልፌ

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሰዎ። ለጤናዎ እንደምን ከረሙ? እጅ ነስቼ እጠይቅዎታለሁ፤ ቢያዩኝ ኖሮ እግርዎ ላይ ነበር የምወድቀው።

ጋሽ ቀጄላ፣ የኮልድ ሃርበርን ሸክላ ከቤትዎ የሰረቅኩት እኔ በየነ ነኝ። የሰረቅኩት እርስዎ ለኔ ኮት ካውያ ሊያሞቁ ጓሮ በወጡበት ጊዜ ነው። በምትኩ የራስዎን ሸክላ ከትቼ ሄድኩ፤ ስለዚህ እርስዎ ተጠረጠሩ። ታኅሣሥ ላይ ዘመነች በደብዳቤ ስትነግረኝ እውነቱን መጻፍ እችል ነበር፤ በደንበኞችዎ አሳበብኩ። ወንድሙን አዝለው ሆስፒታል ሲወስዱትም ስምዎ በኔ የተነሳ እንደጠፋ ነበር።

ይህን ደብዳቤ ደብቀው እንዲያስቀምጡልኝ አልለምንዎትም። ለፈለጉት ሰው ያስነብቡት። ኮቱን እስካሁን እለብሰዋለሁ፤ ሌላ የለኝም፣ በለበስኩት ቁጥርም ያችን ቀን አስባታለሁ።

ለወንድሙ ለብቻው ጽፌለታለሁ። አንድ ፎቶግራፍም አብሬ ልኬአለሁ፤ ለእትዬ የሺ ነው። ይቅር ይበሉኝ ለማለት እንኳን ድፍረት አጣሁ። ብቻ እንዲያውቁት ነው።

ልጅዎ በየነ


ኮልፌ
ታኅሣሥ 22 ቀን 1965 ዓ.ም.

ለበየነ

እንደምን አለህ? እኔ አለሁ። እማማ፣ አባባና ዘመነችም አሉ። ዘመነች ፈተናዋን አልፋለች።

ደብዳቤህን ካነበብኩ ሁለት ወር አልፎኛል። በመጀመሪያው ሳምንት አራት ጊዜ መልስ ጽፌ አራቱንም ቀደድኳቸው፤ ስድብ ብቻ ነበሩ። ይህ አምስተኛው ነው።

መጀመሪያ የጋሽ ቀጄላን ልንገርህ። ደብዳቤህ በደረሰው ቅዳሜ ዘመነችን አስጠራት። ሌባ ባልኩት ቀን የነበሩትን ደንበኞች አንድ በአንድ ሰው ልኮ ሰበሰባቸው፤ ሱሪ የሚያሳጥሩትን ሰውዬ ሳይቀር። "አንብቢው፣ ጮክ ብለሽ" አላት። እኔም ነበርኩ፤ የሰዉን ፊት እያየሁ ነው የተከታተልኩት። ስትጨርስ ወረቀቱን ተቀብሎ አጠፈና መሳቢያው ውስጥ ከተተው። "እንግዲህ ሰምታችኋል" አለና ወደ ስፌቱ ተመለሰ። እኔ ግን መሄድ አልቻልኩም። በዚያው ሰው ፊት በጉልበቴ ወድቄ እግሩን ያዝኩ። አንተ ሰረቅክ፣ እሱን ሌባ ያልኩት ግን እኔ ነኝ። ያንን አፌን ላንተ ላሸክምህ አልችልም። አነሳኝና መቀስ አስያዘኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እዚያው ነው የምውለው። አሁን ሱሪ መቁረጥ እችላለሁ፤ እጅጌ ገና ይቸግረኛል።

የማጫወቻዋም ክዳን ተከፍቷል። ሰዉ ይሰማል፣ እኔ እሰፋለሁ።

ሸክላውን ዘመነች ሰጠችኝ። ሁለቱን ጣውላ ስፈታ አንዲት ጭረት የለበትም። በደንብ ነው የያዝከው። አንድ ቀን ማንም በሌለበት ጊታሬን አነሳሁ። ያን ጊዜ ከሸክላው በጆሮዬ እየለቀምኩት የነበረውን ረጅሙን ዘፈን ጣቶቼ መጀመሪያውን ያውቁታል፤ መጨረሻውንም ያውቁታል። መሃሉ ላይ ስደርስ የለም። አልጨረስኩትም ነበር፤ አንተ ስትሄድ በእርጋታ ተቀምጬ እጨርሰዋለሁ ብዬ ነበር። ዘመነችን "ስሚውና መሃሉ ምን እንደሚመስል ጻፊልኝ" አልኳት። "ከፍ ይልና ዝቅ ይላል" ብላ ጻፈችልኝ። ጋሽ ቀጄላን ጠየቅኩት። እሱ ደግሞ በኖራ ጨርቁ ላይ "እዚህ ጋ ይጮኻሉ" ብሎ ጻፈ። ሳቅኩ። ከታመምኩ ወዲህ የሳቅኩት ያኔ ነው። ከዚያ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ይቅር ብዬሃለሁ ብዬ ልጽፍልህ ነበር፤ እውነት ስላልሆነ ተውኩት። ገና ነኝ። በደብዳቤህ "ብጠይቅህ ኖሮ ትሰጠኝ ነበር?" ብለሃል። እንጃ። አልሰጥህም ይሆናል። እንጣላ ነበር፣ አባባ ይገላግለን ነበር፣ ኩርፊያችን ሳይወጣልን ትሳፈር ነበር። ቢሆንም ያ ጠብ በሁለታችን መሃል ይቀር ነበር። በነዚያ አምስት ወራት በሙሉ ሌላ ሰው ስጠላ ነው የከረምኩት፤ የማይገባውን ሰው። ያ ይቆጨኛል፤ ከሸክላውም ይልቅ።

"አባትና እናት ያለው" ያልከውን መስመር ዘመነች ብትቀደውም አንተ ለኔ ደግመህ ጽፈኸዋል። ለእማማ አላሳየኋትም። አንድ ቀን ግን ራስህ ንገራት። እሷ ስትቆጣ ድምፅዋ ሳይሆን እጇ ነው የሚናገረው፤ አሁን ልብ ብዬ ሳያት ነው ያወቅኩት።

ምክንያቱም አሁን ሰው የምሰማው በዓይኔ ነው። የእማማን አፍ ሙሉ በሙሉ አነባለሁ። የዘመነች ፈጣን ስለሆነ "ቀስ በይ" እላታለሁ። ጋሽ ቀጄላ መርፌ ነክሶ ሲናገር እንኳን ይገባኛል። የነፍስ አባታችን ሲመጡ ግን ጺማቸው አፋቸውን ስለሚሸፍነው አንድም ቃል አይያዝልኝም፤ ጭንቅላቴን እየነቀነቅኩ መስቀላቸውን እሳለማለሁ፣ የፈቀዱትን ንስሐ ቢሰጡኝ አላውቅም።

የላክኸውን ፎቶግራፍ እማማ ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች። ትምህርትህ ሰኔ ላይ ያበቃል ብለሃታል። መልክህ ብዙም አልተለወጠም፤ ግን ሪዝ አሳድገህ የላይኛው ከንፈርህ ጨርሶ አይታይም። ደጋግሜ አየሁት፤ አፍህ ምን እንደሚል ማወቅ አቃተኝ።

ከመምጣትህ በፊት ተላጨው።

ወንድሙ